ከባርነት ወደ መጽሐፍ፤ የኦኔሲሞስ ነሲብ ሕይወት

በጭላሎ ግርጌ በአሰላም ሆነ በሌላው የአርሲ ደጋ ተቀምጦ የጥቁር አሜሪካውያንን ድርሰት የሚያጠና ወጣት ሁለት ስሞችን አስቀድሞ ያገኛል። አንደኛዋ በልጅነቷ ከአፍሪካ ተወስዳ በቦስተን የተሸጠችው፣ በ1773 የግጥም መጽሐፏ በለንደን የታተመላት ፊሊስ ዊትሊ ናት። ሁለተኛው ከባርነት አምልጦ በ1845 የሕይወት ታሪኩን ያሳተመውና የባሪያ ጌቶችን ሃይማኖት ከክርስቶስ ሃይማኖት ለይቶ ያሳየው ፍሬድሪክ ዳግላስ ነው። ሁለቱም የጻፉት በጌቶቻቸው ቋንቋ ነበር። በእኛ አገር ግን የተነጠቁትን ቋንቋ መልሰው የጻፉበት ሰው አሉ፤ እኒህም ኦኔሲሞስ ነሲብ ናቸው። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ኦኔሲሞስ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አጠገብ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው ሂካ ሲሆን ተርጓሚ ማለት ነው ይባላል። ገና ሕፃን ሳሉ በባሪያ ነጋዴዎች እጅ ወድቀው ከአንዱ ወደ ሌላው ተሸጡ፤ በ1870 በምጽዋ ነጻ ወጡ። በምንኩሉ በስዊድን ሚሲዮን ተማሩና በ1872 ሲጠመቁ ኦኔሲሞስ ተባሉ። ይህም በሐዋርያው ጳውሎስ መልእክት የሚነሣው ባሪያ ስም ነው። ከዚያም ለትምህርት ወደ ስዊድን ተላኩ።

ተመልሰው በሱዳን በኩልም በእንጦጦ በኩልም ወደ ትውልድ አገራቸው ለመግባት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ስለዚህ በምንኩሉ ሆነው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመተርጎም ተነሡ። ነገር ግን ከወገን ተለይተው አድገዋልና ቃል ያጥራቸው ነበር። ይህን ጉድለት የሞላችው እንደርሳቸው ከባርነት የወጣችው አስቴር ጋኖ ናት። ቃላትን እየለቀመች፣ ተረትና ምሳሌውን፣ እንቆቅልሹንና ዘፈኑን እየጻፈች ረዳቻቸው። አዲስ ኪዳን በ1893፣ የማንበቢያ መጽሐፉ በ1894፣ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በግዕዝ ፊደል ታተመ።

በ1904 ነቀምቴ ደርሰው ማስተማር ጀመሩ። በካህናት ተከስሰው በ1906 ስብከት ቢከለከሉም፣ በ1916 ልጅ ኢያሱ ፈቀዱላቸው። በ1931 በነቀምቴ ዐረፉ።

ከዚህ ሕይወት የምንማረው ታላቅ ነገር አለ፤ ሰው አዲስ እምነት ቢቀበል የእናቱን ቋንቋ መጣል የለበትም። በአርሲ ደጋ ሙስሊሙ በመንዙማው፣ ክርስቲያኑም በጸሎቱ በአንዱ ኦሮምኛ ፈጣሪውን ይለምናል። ስለዚህ ወጣቱ አንባቢ የዊትሊንና የዳግላስን መጻሕፍት ሲያነብ የኦኔሲሞስንም ሥራ ከጎናቸው እንዲያኖር እንመክራለን። የምዕራቡን ኦሮምኛ ከአርሲው ጋር ቢያስተያይም የሚለያዩ ቃላት ያገኛል፤ እነዚያን መዝግቦ መያዝ ራሱ የአስቴርን ሥራ መቀጠል ነው።