የዛፎቹ ሐኪምና ያፈሯቸው ተማሪዎች

የመጽሔታችን አዘጋጆች ስለ አንድ ታላቅ ሰው ሕይወት ጻፊልን ሲሉኝ፣ ስለ አንድ ስመ ጥር ሐኪም እንደምጽፍ ጠብቀው ይሆናል። የእኔ ምርጫ ግን በሽተኞቻቸው ዛፎች የነበሩ ሴት ናቸው፦ ዮሐና ቬስተርዳይክ፣ የኔዘርላንድስ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሰር። ታሪካቸውን ያነበብኩት በአጋጣሚ ነው፤ የምጽፈው ግን በአጋጣሚ አይደለም። ለአንዲት ተማሪዬ ያልከፈልኩት ዕዳ አለብኝ፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር አንብቡልኝ።

ዮሐና በ1883 አምስተርዳም አጠገብ ተወለዱ። አባታቸው ሐኪም ነበሩ። በወጣትነታቸው ፒያኖ ተጫዋች ለመሆን ይመኙ ነበር፤ ክንዳቸውን የያዛቸው ሕመም ግን አላስቻላቸውም። ስለዚህ በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ከታዋቂው ሁጎ ደ ፍሪስ ዘንድ የዕፅዋትን ሳይንስ ተማሩ። የጨረሱት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላቲንና ግሪክ የማይሰጥበት በመሆኑ ግን በአገራቸው ዶክትሬት መያዝ አይፈቀድላቸውም ነበር። ታዲያ ምን አደረጉ? መጀመሪያ ወደ ሙኒክ፣ ከዚያ ወደ ዙሪክ ሄዱና በ1906 እዚያው ዶክትሬታቸውን ያዙ። የጥናታቸው ርዕስ በእርጥብ ድንጋይና ግንድ ላይ የሚበቅሉት፣ አበባ የሌላቸው ትንንሽ አረንጓዴ ዕፅዋት ነበሩ። ስለ በሽታ ምንም የለበትም።

በዚያው ዓመት፣ ገና በ23 ዓመታቸው፣ አምስተርዳም የሚገኝ የዕፅዋት በሽታ ላቦራቶሪ ኃላፊ ሆኑ። ላቦራቶሪው ተማሪ ልጃቸውን በወጣትነቱ በሞት የተነጠቁ ወላጆች በስሙ ያቆሙት ማስታወሻ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ሌላ አደራ መጣ፤ የዕፅዋት ተመራማሪዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር ያሰባሰባቸውን ሰማንያ ያህል የፈንገስ ዓይነቶች በሕይወት እንዲያቆዩ ተሰጣቸው። ላቦራቶሪ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ካልቸር እንደ ሕፃን ነው፣ በጊዜው ካልመገቡትና ካላዛወሩት ይሞታል። እሳቸው ያንን ስብስብ ከሃምሳ ዓመት በላይ አላስሞቱትም። እንዲያውም ሲያርፉ ከአሥር ሺህ በላይ ሆኖ ነበር።

በ1913 በወቅቱ በኔዘርላንድስ ቅኝ ግዛት ሥር ወደነበሩት ወደ ጃቫና ሱማትራ ተጉዘው የሞቃት አገር ሰብሎችን በሽታ አጠኑ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳም በጃፓንና በአሜሪካ በኩል ዞረው ተመለሱ። በ1917 በዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነው ተሾሙ። ብዙ ሳይቆይ ላቦራቶሪውም የፈንገስ ስብስቡም ባርን በምትባል ከተማ፣ ሰፊ የአትክልት ቦታ ወዳለው ቤት ገቡ። ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ የእሳቸው ብቻ አይደለም፤ የተማሪዎቻቸውም ነው።

ኤልም የሚባለው ትልቅ ዛፍ በኔዘርላንድስ የየመንገዱና የየቦዩ ዳር ጥላ ነበር። በ1919 አካባቢ በበጋው መካከል ቅጠሉ እየጠወለገና እየረገፈ መድረቅ ጀመረ። ሰዉ የየራሱን ምክንያት ሰጠ። ድርቅ ነው ያለ ነበር፣ የጦርነቱ መርዝ ጋዝ ነው ያለም ነበር። ዲና ስፒረንቡርግ የምትባል የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ ምልክቶቹን መዝግባ ለማወቅ ያህል አሳወቀች። ፕሮፌሰሯም ጉዳዩን ለዶክትሬት ተማሪያቸው ለቤያ ሽዋርዝ ሰጡ። ቤያ ከታመመው እንጨት አንድ ፈንገስ ለይታ አውጥታ በ1922 በመመረቂያ ጽሑፏ ምክንያቱ ይህ ነው አለች። ሁሉም አላመናትም። በተለይ ጀርመን ውስጥ ባክቴሪያ ነው ብለው የሞገቱ ነበሩ።

እዚህ ላይ ሕክምና የተማርን ሁሉ የሮበርት ኮክን መመዘኛዎች እናስታውስ፦ ተሕዋሲውን ከበሽተኛው ለይ፣ ለብቻው አሳድግ፣ ጤነኛው ላይ ሞክር፣ በሽታው ሲመጣ መልሰህ ያንኑ አግኝ። ይህን ለኤልም አጠናቃ በ1927 ክርክሩን የዘጋችው ሌላዋ የፕሮፌሰሯ ተማሪ ክሪስቲን ባውስማን ነበረች። በ1932 ደግሞ የፈንገሱን የፆታዊ መራቢያ ደረጃ አገኘች። በሽታውን የሚቋቋሙ ኤልሞችን ለመምረጥም ደከመች። በ1936 በሠላሳዎቹ ዕድሜዋ አረፈች፤ ከዚያ በኋላ ከተመረጡት ኤልሞች አንዱ በስሟ ተጠራ።

የበሽታው አካሄድ ለሐኪም እንግዳ አይደለም። ፈንገሱን ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚያጓጉዙት በቅርፊቱ ሥር የሚራቡ ጥንዚዛዎች ናቸው። ፈንገሱ ውሃ ወደ ላይ የሚያወጡት ቱቦዎች ውስጥ ሲገባ ዛፉ ራሱን ለመከላከል ቱቦዎቹን ይደፍናል። ወረራውን ላስቆም ብሎ የገዛ ውሃውን ይዘጋል ማለት ነው። መከላከያው ራሱ ሲጎዳ ስንት ጊዜ አይተናል! የእኛን ቡና የሚያደርቀውም በሽታ፣ ፈንገሱ ሌላ ቢሆንም፣ የሚያጠቃው እንዲሁ የውሃውን መንገድ ነው።

ዓለም ይህን በሽታ የሆላንድ የኤልም በሽታ ብሎ ይጠራዋል። መነሻው ሆላንድ ስለሆነ ሳይሆን፣ የተጠናው እዚያ ስለሆነ ነው። ልብ በሉ፤ የላቦራቶሪው ኃላፊ ፕሮፌሰር ቬስተርዳይክ ነበሩ፣ ጥያቄውን የሰጡት፣ ቦታውንም መሣሪያውንም ያመቻቹት እሳቸው ነበሩ። የግኝቱ ታሪክ ሲነሳ ግን የሚጠሩት የሽዋርዝና የባውስማን ስሞች ናቸው። 56 ተማሪዎች በእሳቸው መሪነት ዶክትሬት ሠርተዋል፤ ግማሽ ያህሉ ሴቶች ናቸው። ለዚያ ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ደረቅ ሰውም አልነበሩም። ሙዚቃና ጭፈራ ይወዱ ነበር፤ በባርን ቤታቸው ጠንክሮ መሥራትም አብሮ መደሰትም ነበር።

እኛን ሐኪሞችን በቀጥታ የሚነካ ነገርም አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አገሪቱ በጀርመን ተይዛ ሳለች፣ ዴልፍት ከተማ የሚገኝ የእርሾና የአልኮል ፋብሪካ ሠራተኞች በድብቅ ፔኒሲሊን ለመሥራት ሲነሱ፣ ሻጋታዎቹ የመጡት ከባርኑ ስብስብ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት በትዕግሥት የተመገበው ካልቸር ለሰውም መድኃኒት ሆነ። ፕሮፌሰሯ በ1952 ጡረታ ወጡ፣ በ1961 በ78 ዓመታቸው አረፉ። ስብስቡን የሚጠብቀው ተቋም ከ2017 ጀምሮ በስማቸው ይጠራል።

አሁን ወደ ዕዳዬ። ከሁለት ዓመት በፊት ዋርዳችን ውስጥ ትኩሳቱ አልለቅ ያለው አንድ ወጣት ነበር። እኔ የሳንባ ነቀርሳ ነው ብዬ ልቤን ዘግቻለሁ። አንዲት ሬዚደንት ግን ሆዱን ደግማ ደግማ ዳሰሰች፣ የት የት ለቀን ሥራ ሄዶ እንደነበር ጠየቀችው፣ ከዚያ መቅኒው ይታይ ብላ ሞገተችኝ። ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ታክሞ በእግሩ ሄደ። ከወራት በኋላ በሐኪሞች ስብሰባ ላይ ታሪኩን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ጠረጠርን፣ መረመርን፣ አገኘን እያልኩ። ውሸት አልተናገርኩም፤ እኛ የምትለዋ ቃል ግን የእሷን ስም ሸፈነችው። ጭብጨባው ለእኔ ሆነ። እሷ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ አብራ አጨበጨበች።

በጊዜው ብዙም አልቆረቆረኝም። ለምን ይቆረቁረኛል? እኔም ተማሪ ሳለሁ እንዲሁ ተደርጎብኛል፣ ወጉ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። የቬስተርዳይክን ታሪክ ሳነብ ግን፣ የክሪስቲን ባውስማን ስም በዛፍ ላይ ሲቀር ሳይ፣ ያቺ ኋላ ወንበር ትዝ አለችኝ። ባለፈው ወር ልጅቷ ወደተመደበችበት የክልል ሆስፒታል ደወልኩ። የዚያን በሽተኛ ታሪክ ለመጽሔት እንድትጽፈው፣ ስሟ መጀመሪያ፣ የእኔ መጨረሻ እንዲሆን ነገርኳት። ትንሽ ዝም ብላ፣ መዝገቡን እስክታገኝ ጥቂት ቀን እንድታገሳት ጠየቀችኝ። ሁለት ዓመት ያስጠበቅኳት እኔ ነኝ፤ ጥቂት ቀን ለምን አልታገስም?

ዘንድሮ ስንገናኝ፣ እንደ ልማዳችን፣ ማን ምን ሆነ፣ ማን የት ደረሰ እየተባባልን እንጠያየቃለን። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ይቀጥል። እግረ መንገዳችንን ግን፣ በተለይ በማስተማር ላይ ያለን፣ ማንን እንዳፈራን፣ ስሙንም በቦታው አስቀምጠንለት እንደሆነ ብንጠያየቅ እወዳለሁ። እኔ ስጠየቅ የምመልሰው አንድ ስም አለኝ። ጽሑፉ እስኪወጣ ድረስ ግን የመጥራቱን ተራ ለእሷ ትቻለሁ።