ዳግማዊ ምኒልክና የሸዋ ደን

ተማሪዎች ሆይ፣ የዳግማዊ ምኒልክ ስም ሲነሣ አስቀድሞ ትዝ የሚላችሁ በ1888 ዓ.ም. የተገኘው የዐድዋ ድል መሆኑ አይቀርም። ሆኖም የኚህን ንጉሠ ነገሥት ታሪክ በጥሞና ብትመረምሩ፣ ከጦርነት ሌላ ያሳሰባቸው አንድ ብርቱ ችግር እንደ ነበረ ትረዳላችሁ፤ ይኸውም የእንጨት እጦት ነው።

ምኒልክ በነሐሴ ወር 1836 ዓ.ም. አንጎለላ በተባለው የሸዋ ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው ኃይለ መለኮት፣ አያታቸው ደግሞ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ነበሩ። ገና በልጅነታቸው አባታቸው ስለ ሞቱባቸው በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ወድቀው ከአገራቸው ተወሰዱ። 10 ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላም በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ በመግባት ነገሡ። በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆኑ።

መናገሻቸው አስቀድሞ እንጦጦ ነበረች፤ በ1879 ዓ.ም. ግን ከተራራው ግርጌ አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ለመኳንንቱ፣ ለሠራዊቱና ለነጋዴው ቤት ማገርና ወራጅ፣ ለግቢው አጥር፣ ለምድጃውም ማገዶ ያስፈልግ ስለ ነበር፣ በዙሪያው የነበረው ጥድና ወይራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመነጠረ። ስለዚህ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ወደ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው አዲስ ዓለምን መሠረቱ፤ ቤተ መንግሥትም ማሠራት ጀመሩ።

ከአዲስ ዓለም ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ብትጓዙ ደንዲ ትደርሳላችሁ። እዚያ በጊንጪ ከተማ አጠገብ የሚገኘው የጭሊሞ ደን፣ የቀድሞው የሸዋ ደን ምን ይመስል እንደ ነበረ ያሳያችኋል። ደኑ እንደ ፎቅ ቤት በደርብ የተሠራ ነው። ከላይ ጥድና ዝግባ ጣራ ይሆናሉ፤ ከእነርሱ ሥር ወይራና ሌሎች መካከለኛ ዛፎች ይቆማሉ፤ ዝቅ ብሎ አጋም፣ ቀጋና ሌላው ቁጥቋጦ ይበቅላል፤ ከመሬት ላይ ሣርና የረገፈ ቅጠል ይነጠፋል። ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል፣ ድኩላ በቁጥቋጦው ውስጥ ይሸሸጋል፤ ከድኩላ ዘሮችም አንዱ በሳይንስ ስሙ በምኒልክ ተሰይሟል። ዝናብ የማይለየው የከፋና የኢሉባቦር ደን ከዚህ ይበልጥ ጥቅጥቅ ያለ ሲሆን፣ በታችኛው ደርቡ ቡና በተፈጥሮ ይበቅላል። የጭሊሞው ግን ረዥም በጋ የሚችል የደጋ ደን ነው። የረገፈው ቅጠል ዝናቡን እንደ ስፖንጅ ስለሚይዝ ውሃው ቀስ በቀስ ወደ ምንጮች ይወርዳል፤ የአዋሽ ወንዝም የሚነሣው ከዚሁ ከጊንጪ አካባቢ ነው።

አዲስ ዓለም ግን ዋና ከተማ ሳትሆን ቀረች። ከአውስትራሊያ የመጣውና በ1887 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ የሚያድግ፣ ቢቆረጥም ከጉቶው መልሶ የሚያቆጠቁጥ ሆኖ ተገኘ። ምኒልክም ሕዝቡ እንዲተክለው አበረታቱ። አዲስ አበባ በባሕር ዛፍ ተከበበች፤ ማገዶና ማገርም ስለ ተገኘላት በቦታዋ ጸናች። በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥትም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። የተከሉት ዛፍ ከተማዪቱን ከመሰደድ እንዳዳናት አትዘንጉ። ይሁን እንጂ በባሕር ዛፍ ሥር ብትቆሙ ከላይ አንድ ደርብ ብቻ፣ ከታች ግን አብዛኛውን ጊዜ የተራቆተ መሬት ታያላችሁ፤ ጉሬዛውም ድኩላውም በዚያ መኖሪያ አያገኙም። ማገዶ በጥቂት ዓመታት ይተካል፤ ባለ ብዙ ደርብ ደን ግን በአንድ ሰው ዕድሜ አይተካም። እንግዲህ ለጎጆአችሁ ባሕር ዛፍ ስትተክሉ፣ የጥድና የዝግባውን ደን ደግሞ እንዳለ ጠብቁት።