አባ ጎርጎርዮስና የኢትዮጵያ ካርታ

ትምህርት ቤታችን ካለበት ከካዛንቺስ ወደ መስቀል አደባባይ ስንወርድ አፍሪካ አዳራሽን እናገኛለን። በ1953 ዓ.ም. ተመርቆ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት ቤት ነው። የአፍሪካ መሪዎች ስለ አህጉራቸው በራሳቸው አፍ ለመናገር በዚያ ተሰበሰቡ። በዚህ በበዓሉ መጽሔታችን ልንጽፍ የመረጥነው ግን፣ ከዚያ ጉባኤ ከ300 ዓመት በፊት ብቻቸውን ሆነው ስለ አገራቸው በባዕድ ምድር ስለ ተናገሩት ስለ አባ ጎርጎርዮስ ነው። ከእንግዲህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አባ ጎርጎርዮስ በ1595 ገደማ፣ ዛሬ ደቡብ ወሎ በምንለው አገር፣ መካነ ሥላሴ በሚባል ስፍራ ተወለዱ። ያደጉበት ዘመን የሃይማኖት ክርክር የበረታበት ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው ነበር፤ በ1632 ልጃቸው ዐፄ ፋሲል በነገሡ ጊዜ ግን የቀድሞው እምነት ተመለሰ፣ ኢየሱሳውያንም ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። ከፓትርያርኩ ከአልፎንሱ ሜንዴዝ ጋር የነበሩት አባ ጎርጎርዮስም አገራቸውን ትተው ተሰደዱ። በዚያ ክርክር ማን እንደ በደለ መፍረድ የእኛ ፈንታ አይደለም።

ከብዙ መንከራተት በኋላ ሮማ ገብተው፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ በሚገኘው፣ የኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ማረፊያ በነበረው በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ተቀመጡ። በ1649 ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል ወጣት ጀርመናዊ ወደዚያ መጣ። ግዕዝን የተማረው ከመጻሕፍት ብቻ ስለ ነበረ አነጋገሩ ለኢትዮጵያውያኑ ጆሮ እንግዳ ሆነባቸው፤ የባዕድ ቋንቋ በመጽሐፍ የጀመረ ሁሉ ይህን ችግር ያውቀዋል። አባ ጎርጎርዮስ መምህሩ ሊሆኑ ፈቀዱ። ወዳጅነታቸውም እስከ ሞት ቆየ።

በዚያን ጊዜ አውሮፓውያን የአፍሪካን ዳር ዳር በመርከብ ዞረው ያውቁ ነበር፤ መሐሉ ግን በጥንታዊው በፕቶሌሚ አሳብና በወሬ የተሞላ ነበር። ኦርቴልዩስ በ1573 ባሳተመው ካርታ የኢትዮጵያ ግዛት ምድር ወገብን አልፎ ወደ ደቡብ እጅግ ይዘረጋል። የዓባይ ምንጭም ከምድር ወገብ በታች ካሉ ሐይቆች እንደ ሆነ ተሥሏል። በዚህ ካርታ ብንሄድ አንድ የሰከላ ገበሬ ከቤቱ ደጅ የሚፈልቀውን ውኃ ለማየት የብዙ ወር መንገድ መጓዝ ነበረበት!

በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ጋበዛቸው። ዕድሜያቸው ወደ 60 የተጠጋ ሲሆን የአልፕስን ተራሮች ተሻግረው ጀርመን ገቡ። ያ አገር 30 ዓመት ከፈጀ የሃይማኖት ጦርነት ከወጣ ገና 4 ዓመቱ ነበር። መስፍኑ ፕሮቴስታንት፣ እንግዳው ካቶሊክ ሆነው ሳለ አብረው ተቀመጡ። አባ ጎርጎርዮስ በፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት በጋውን ሰንብተው ስለ ኢትዮጵያ ሕዝብና አውራጃዎች፣ ስለ ወንዞቿ፣ ስለ እንስሳቷ፣ ስለ ንጉሡና ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ተጠየቁ። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን ከቦ ወደ ስናር እንደሚወርድ አስረዱ። ሉዶልፍም የሰማውን ሁሉ ይጽፍ ነበር።

ከዚህ ትምህርት የኢትዮጵያ ታሪክ የሚባለው የሉዶልፍ መጽሐፍ በ1681 በላቲን ቋንቋ፣ ካርታው ደግሞ በ1683 ወጣ። እውነቱን ለመናገር ካርታው የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፤ ጴጥሮስ ፓኤዝ የዓባይን ምንጭ በ1618 አይተው ነበር፣ ሉዶልፍም ኢየሱሳውያን የጻፉትን ተጠቅሟል። ስሕተትም አላጣውም፤ ሉዶልፍ የኒጀርን ወንዝ የዓባይ ቅርንጫፍ ያደርገዋል። ሆኖም ኢትዮጵያ ወደ ልኳ ተመለሰች፣ የዓባይም ምንጭ ከምድር ወገብ በላይ በቦታው ገባ። እኛ በጂኦግራፊ ትምህርት የአገር መርማሪዎችን ስም ስንቆጥር ብሩስንና ስፒክን በፍጥነት እንጠራለን። አባ ጎርጎርዮስን የሚያውቅ ግን ከመካከላችን ጥቂት ነው፤ ይህም አሳዝኖናል።

አባ ጎርጎርዮስ ከእነዚህ መጻሕፍት አንዱንም ታትሞ አላዩም። በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ተነሥተው ሲጓዙ፣ ዛሬ የቱርክ ከተማ በሆነችው በእስክንድሩን አጠገብ መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ሞቱ። ሉዶልፍ ግን ስማቸውን በመጽሐፉ ደጋግሞ ጠራ፣ መልካቸውንም አሣሥሎ አሳተመ። በ1698፣ መምህሩ በሞቱ በ40 ዓመት፣ የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አወጣ። ስለ ቋንቋችን ሰዋስው ከታተሙት መጻሕፍት ይህ የመጀመሪያው ነው።