አምሪት ካውር

ራጅኩማሪ አምሪት ካውር (1887 – 1964) የሕንድ ፖለቲከኛ፣ የሴቶች መብት ተሟጋችና የነጻዪቱ ሕንድ የመጀመሪያዋ የጤና ሚኒስትር ነበሩ። ከ1947 እስከ 1957 ለ10 ዓመታት ሚኒስቴሩን መርተዋል፤ በጠቅላይ ሚኒስትር ጃዋሃርላል ኔህሩ የመጀመሪያ ካቢኔም ብቸኛዋ ሴት እርሳቸው ነበሩ። ከዚያ በፊት ለ16 ዓመታት ያህል የማኅተማ ጋንዲ ጸሐፊ ሆነው አገልግለዋል። «ራጅኩማሪ» ልዕልት ማለት ነው። በዚህ ገጽ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ትምህርት

አምሪት ካውር የተወለዱት በሰሜን ሕንድ በላክናው ከተማ ነው። የትውልድ ዓመታቸውን 1889 የሚያደርጉ ጽሑፎችም አሉ። አባታቸው ራጃ ሃርናም ሲንግ በፑንጃብ የካፑርታላ ገዢ ቤተሰብ አባል ሲሆኑ፣ ክርስትናን ከተቀበሉ በኋላ ከቤተ መንግሥቱ ርቀው ይኖሩ ነበር። እናታቸው ፕሪሲላ ጎላክናት ደግሞ በፑንጃብ ያገለግሉ የነበሩ የቤንጋል ተወላጅ ፓስተር ልጅ ነበሩ። አምሪት ለወላጆቻቸው ብቸኛ ሴት ልጅ ነበሩ።

ትምህርታቸውን በእንግሊዝ አገር፣ ዶርሴት በሚገኘው የሸርቦርን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ተከታተሉ። ወደ ሕንድ ከተመለሱ በኋላ ከፖለቲካ ጋር ያስተዋወቃቸው የአባታቸው ቤት ነበር። ከነጻነት ንቅናቄው ቀደምት መሪዎች አንዱ የነበሩት ጎፓል ክሪሽና ጎካሌ የአባታቸው ወዳጅ ነበሩ። ጋንዲን ያወቋቸው በ1919 ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር በአምሪትሳር ከተማ በጃሊያንዋላ ባግ የተሰበሰበ ያልታጠቀ ሕዝብ ላይ በእንግሊዛዊ መኮንን ትእዛዝ ተተኩሶ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ። ይህ ጭፍጨፋ አምሪት ካውር የቅኝ አገዛዙ ማብቃት አለበት ወደሚል አቋም እንዲደርሱ አደረጋቸው። ይሁን እንጂ ወላጆቻቸውን ይጦሩ ስለነበር ሙሉ በሙሉ ወደ ትግሉ የገቡት አባታቸው በ1930 ከሞቱ በኋላ ነው።

የሴቶች ንቅናቄ

በ1927 የመላው ሕንድ የሴቶች ጉባኤ ሲመሠረት አምሪት ካውር ከመሥራቾቹ አንዷ ነበሩ፤ በኋላም በጸሐፊነትና በፕሬዚዳንትነት መርተውታል። ጉባኤው መጀመሪያ የተነሣው ለሴቶች ልጆች ትምህርት ቢሆንም፣ ብዙም ሳይቆይ ልጃገረዶች ያለ ዕድሜያቸው እየተዳሩ ትምህርት ብቻውን ዋጋ እንደሌለው ተረዳ። ስለዚህ ያለ ዕድሜ ጋብቻን የሚከለክል ሕግ እንዲወጣ ቀሰቀሰ። በ1929 የወጣው ሕግ ዝቅተኛውን የጋብቻ ዕድሜ ለሴቶች 14፣ ለወንዶች 18 ዓመት አደረገ። ጉባኤው በ1932 በኒው ዴልሂ የሌዲ ኧርዊን ኮሌጅንም አቋቁሟል።

ከሁሉ በላይ ያከራከራቸው የመምረጥ መብት ጉዳይ ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት ለሕንድ አዲስ ሕገ መንግሥት ሲያዘጋጅ ድምፅ ሊሰጥ ያሰበው ንብረት ላላቸው፣ ማንበብና መጻፍ ለሚችሉ፣ እንዲሁም የመራጭ ሚስት ለሆኑ ሴቶች ነበር። አምሪት ካውር በ1933 ለንደን ውስጥ ጉዳዩን ለሚያጠናው የፓርላማ ኮሚቴ በሰጡት ምስክርነት ይህን ተቃወሙ። ጥያቄያቸው ለአካለ መጠን የደረሰ ሁሉ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ያለ ቅድመ ሁኔታ እንዲመርጥ ነበር። ለሴቶች የተለየ መቀመጫ መያዙንም አልደገፉም፤ ሴቶች በሃይማኖትና በወገን ተከፋፍለው እንዲመርጡ ያደርጋል ብለው ሰግተዋል። የ1935ቱ ሕግ ሲወጣ ግን ቅድመ ሁኔታዎቹም የተለዩት መቀመጫዎችም ጸኑ።

ከጋንዲ ጋር

በ1930 የጨው ሕግን በመጣስ በተደረገው ሰላማዊ ተቃውሞ በመሳተፋቸው ታሰሩ። በ1934 በሺምላ የነበራቸውን የተደላደለ ኑሮ ትተው ወደ ጋንዲ የገዳም መሰል ማኅበር (አሽራም) ገቡ። በዚያ እንደ ሌሎቹ አባላት ጥጥ እየፈተሉ፣ በእጅ የተሠራ ካዲ የተባለ ጨርቅ እየለበሱ፣ ከጋንዲ ደብዳቤዎች ብዙውን ክፍል ያስተናግዱ ነበር። በ1937 በሰሜን ምዕራብ ጠረፍ ግዛት በምትገኘው ባኑ፣ ሕዝብን በመንግሥት ላይ በማነሣሣት ተከሰው ታሰሩ። በ1942 እንግሊዝ ሕንድን ለቃ እንድትወጣ በተጠራው ንቅናቄም እንደገና ወኅኒ ወረዱ።

ሕገ መንግሥቱ

በ1946 ሥራ የጀመረው የሕገ መንግሥት ጉባኤ 15 ሴት አባላት ነበሩት። አምሪት ካውር የማዕከላዊ ግዛቶችና የቤራር ተወካይ ሆነው ገቡና በመሠረታዊ መብቶችና በአናሳ ወገኖች ንዑሳን ኮሚቴዎች ውስጥ ሠሩ።

በዚያ ያነሡት ዋና ጥያቄ የሃይማኖት ነጻነትን አንቀጽ ይመለከታል። የሃይማኖት ልማድን የመፈጸም ነጻነት ያለ ገደብ ከተጻፈ፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻን፣ ሴቶችን ከወንዶች እይታ የመከለልን (ፑርዳ) እና ልጃገረዶችን ለቤተ አምልኮ የመስጠትን (ዴቫዳሲ) ልማድ የሚከለክሉ ሕጎች ፍርድ ቤት ቀርበው ሊሻሩ ይችላሉ የሚል ስጋት ነበራቸው። እርሳቸው ራሳቸው ከአናሳ ሃይማኖት ተከታዮች ወገን ስለነበሩ ክርክሩ ቀላል አልነበረም። በመጨረሻ የጸደቀው አንቀጽ ነጻነቱን አረጋግጦ፣ መንግሥት ለማኅበራዊ መሻሻል ሕግ የማውጣት ሥልጣን እንዳለው አብሮ ደነገገ።

ሌላው ጥያቄያቸው ግን ግቡን አልመታም። ከሃንሳ ሜህታና ከሚኑ ማሳኒ ጋር ሆነው በጋብቻ፣ በፍቺና በውርስ ጉዳይ ለዜጎች ሁሉ አንድ ሕግ እንዲወጣና ይህም በፍርድ ቤት የሚያስጠይቅ እንዲሆን የልዩነት ሐሳብ አስመዝግበዋል። ጉባኤው ይህን ያስቀመጠው በፍርድ ቤት በማያስጠይቁት የመንግሥት መመሪያዎች ውስጥ ነው። ጉዳዩ ሕንድን እስከ ዛሬ ያከራክራል።

የጤና ሚኒስትርነት

ሚኒስቴሩን ሲረከቡ የነበረው ሁኔታ እጅግ ከባድ ነበር። በ1946 የቀረበው የጆሴፍ ቦር ኮሚቴ ዘገባ እንደገመተው፣ በእንግሊዝ ይተዳደር በነበረው ሕንድ 1 ሐኪም ለ6,300 ሰው፣ 1 ነርስ ደግሞ ለ43,000 ሰው ነበር የሚደርሰው። በዚያ ላይ አገሪቱ ለሁለት ስትከፈል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ስደተኞች ወደ መጠለያ ጣቢያዎች ጎረፉ። በ1947 መጨረሻ የወጣው የነርሶች ምክር ቤት ሕግ የነርሶች ሥልጠና በመላ አገሪቱ አንድ ዓይነት ደረጃ እንዲኖረው መሠረት ጣለ።

ወባ በዓመት 75 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን እንደሚይዝና 800,000 ያህሉን እንደሚገድል ይገመት ነበር። በ1953 በተጀመረው ብሔራዊ ዘመቻ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ዲዲቲ ተረጨ፤ በ1958 የሕሙማኑ ቁጥር ወደ 2 ሚሊዮን ገደማ ወርዷል። የሳንባ ነቀርሳን ለመከላከልም ሰፊ የቢሲጂ ክትባት ዘመቻ አካሄዱ። በ1955 የቀድሞው ጠቅላይ አገረ ገዢ ቻክራቫርቲ ራጃጎፓላቻሪ ክትባቱን አጥብቀው ሲቃወሙ አምሪት ካውር ከዘመቻው ጎን ቆሙ። በ1950 የዓለም ጤና ጉባኤ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ ይህን ቦታ የያዙ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው።

ትልቁ ሥራቸው የመላው ሕንድ የሕክምና ሳይንስ ተቋም ነው። ዓላማው ሕንድ የሕክምና መምህራኗን በራሷ ምድር እንድታሠለጥን ነበር። ገንዘብ ስላልነበረ ከውጭ አገሮች እርዳታ ፈለጉ፤ ኒው ዚላንድ በኮሎምቦ ዕቅድ በኩል በሰጠችው ስጦታ በ1952 በኒው ዴልሂ የመሠረት ድንጋዩ ተጣለ። የማቋቋሚያ ሕጉን በ1956 ለፓርላማ ያቀረቡት እርሳቸው ናቸው። በሕጉ መሠረት ተቋሙ ራሱን በራሱ የሚያስተዳድር ሆነ፤ ሐኪሞቹም በግል እየሠሩ ገንዘብ እንዳያገኙ ተከለከሉ። የተቋሙ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንትም አምሪት ካውር ነበሩ።

ትችት

በአምሪት ካውር ላይ በብዛት የሚነሣው ትችት የቤተሰብ ምጣኔን ይመለከታል። ሕንድ በ1952 ብሔራዊ የቤተሰብ ምጣኔ መርሐ ግብር ስትጀምር፣ እርሳቸው እንደ ጋንዲ ሰው ሠራሽ የወሊድ መከላከያን ስለማይደግፉ መንግሥት በቀን አቆጣጠር ዘዴ ላይ እንዲያተኩር አደረጉ። ዘዴው ብዙ ውጤት አላስገኘም፤ መርሐ ግብሩም በእርሳቸው ዘመን በዝግታ ነበር የተጓዘው። ለሴቶች የተያዘ መቀመጫን መቃወማቸውም እንዲሁ ይተቻል፤ ያለ ቅድመ ሁኔታ የመምረጥ መብት ቢገኝም በፓርላማ የሴቶች ቁጥር ለረጅም ዘመን አነስተኛ ሆኖ ቆይቷል።

የመጨረሻ ዓመታትና መታሰቢያ

በ1951–52 በተካሄደው የመጀመሪያው ጠቅላላ ምርጫ ከሂማቻል ፕራዴሽ የማንዲ–ማሃሱ ምርጫ ክልል አሸንፈው ነበር። ምርጫው የተካሄደው ከ20 ዓመት በፊት ለንደን ላይ በጠየቁት መንገድ፣ ለአካለ መጠን የደረሱ ሁሉ ድምፅ በሚሰጡበት ሥርዓት ነው። ሆኖም 2.8 ሚሊዮን ያህል ሴቶች የራሳቸውን ስም ሳይሆን የእገሌ ሚስት ወይም የእገሌ ልጅ ብለው በመመዝገባቸው ከመራጮች መዝገብ ተሰርዘዋል።

በ1957 ሚኒስትርነቱን ሲለቁ ወደ ላዕላይ ምክር ቤት ገብተው እስከ ሞቱበት ጊዜ ድረስ አባል ሆነው ቆዩ። የሕንድ ቀይ መስቀልንም ለብዙ ዓመታት በሊቀ መንበርነት መርተዋል። ትዳር አልመሠረቱም። በፌብሩዋሪ 6 ቀን 1964 በኒው ዴልሂ አረፉ። ማኖርቪል የተባለውን የሺምላ ቤታቸውን ለሕክምና ተቋሙ ሠራተኞች ማረፊያ እንዲሆን አውርሰዋል። በዴልሂ የሚገኘው የነርሶች ኮሌጅ በስማቸው ይጠራል፤ ታይም መጽሔትም በ2020 ባወጣው ያለፉት መቶ ዓመታት ሴቶች ዝርዝር ውስጥ የ1947 ዓ.ም. ሴት አድርጎ መርጧቸዋል።