ሙሴ ኢልግና የእጅ ሙያ ክብር

የእንጦጦ ማርያም ስም ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ በዚያ የደፉትን ዘውድ ነው። ከዚሁ ተራራ በቧንቧ ስለ ወረደው ውሃና ስላወረዱት ሰው ግን የምናስብ ጥቂቶች ነን።

አልፍሬድ ኢልግ በ1846 ዓ.ም. በስዊስ አገር፣ በፍራውንፌልድ ከተማ ተወለዱ። በዙሪክ ምሕንድስና ተማሩ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ባለሙያ ይፈልጉ ስለ ነበር፣ በ1871 ዓ.ም. ከሁለት የአገራቸው የእጅ ሠራተኞች ጋር አንኮበር ገቡ። ንጉሡ ሙያቸውን ለመፈተን መጀመሪያ ጫማ፣ ቀጥሎ ጠመንጃ እንዲሠሩ አዘዟቸው ይባላል። መሐንዲሱም ጠመንጃ ከውጭ መግዛት እንደሚረክስ ቢያስረዱም ትእዛዙን ፈጸሙ።

ከዚያ በኋላ በአዋሽ ላይ ድልድይ ሠሩ። ከእንጦጦ ምንጭ እስከ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ቧንቧ ዘረጉ። ቤተ መንግሥቱ በጉብታ ላይ ቢሆንም ምንጩ ከእርሱ ይበልጥ ከፍ ያለ ነውና፣ ቁልቁል የወረደው ውሃ በራሱ ግፊት ሽቅብ ወጣ፤ ይህም ለተመልካቹ ድንቅ ነበር። በ1886 ዓ.ም. የምድር ባቡር ሥራ ፈቃድ ተሰጣቸው፤ ሐዲዱም በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። በ1889 ዓ.ም. የመንግሥት አማካሪ ሆኑ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ሙሴ ኢልግን ከንጉሠ ነገሥቱ አጠገብ ያስቀመጣቸው የእጅ ሙያቸው ነው። በዚያው ዘመን ማረሻ የሚቀጠቅጠው ያገራችን ሰው ቡዳ፣ ሸማኔው ቁጢት በጣሽ፣ ቆዳ አልፊው ፋቂ እየተባለ ይሰደብ ነበር። የሚሰደብ ሰው ሙያውን ለልጁ ማውረስ ያፍራል። ባለሙያ ሲጠፋም ማረሻ ይጠፋል፣ እርሻ ይደክማል፤ አገርም በእጇ ልትሠራው የምትችለውን በገንዘቧ ከውጭ ትገዛለች። ዐፄ ምኒልክ ይህን ተረድተው በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ።

ሙሴ ኢልግ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1908 ዓ.ም. በዙሪክ ሞቱ። ዐዋጁ ቢወጣም ስድቡ በአንድ ቀን አልጠፋም። ዛሬ የሙያ ትምህርት ቤት በየከተማው ተከፍቷል፤ ነገር ግን ብዙ ወላጅ ልጁን ወደዚያ የሚልከው ሌላው በር ሲዘጋበት ነው። እኛ በጠረጴዛ ዙሪያ የምንውል ወጣቶች ዐዋጁን ፈጸምን የምንለው፣ የቧንቧ ሠራተኛውንና በያጁን እንደ መሐንዲሱ አክብረን የድካማቸውን ዋጋ ሳንከራከር ስንከፍል ነው።