የእንቁላልን ገጽ ያነበቡት ሳይንቲስት፦ የኧርነስት ኤቨረት ጀስት ሕይወት

ከዋሽንግተን ዲሲ ወደ ሰሜን የሚዘረጋው ጆርጂያ አቬኑ በአካባቢው ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እንግዳ ጎዳና አይደለም። ሜሪላንድ ገብቶ ሲልቨር ስፕሪንግን ከማቋረጡ በፊት በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ያልፋል። በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ የሥነ ሕይወት ትምህርት የሚሰጥበት ሕንፃ የአንድ ሰው ስም ተሸክሟል፤ የኧርነስት ኤቨረት ጀስት።

ጀስት በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ፣ አንድ እንቁላል ፅንስ መሆን እንዴት እንደሚጀምር ካጠኑ ቀዳሚ ተመራማሪዎች አንዱ ነበሩ። ብዙዎቹ የዘመኑ ሊቃውንት የሕዋስን ውስጠኛ ክፍል ሲመረምሩ፣ እሳቸው ዓይናቸውን በውጫዊ ገጹ ላይ አሳረፉ። ይህ ገጽ የውስጡን ይዞ የሚያስቀምጥ ከረጢት ብቻ ሳይሆን ራሱ የሚሠራ፣ የሚመርጥና መልስ የሚሰጥ ሕያው አካል ነው ሲሉም ተከራከሩ። ዛሬ የእንቁራሪትን ፅንስ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ይህንኑ በቤተ ሙከራቸው ያያሉ። ጀስት ግን በሕይወት ሳሉ ሥራቸውን እንደ ልብ የሚሠሩበት ስፍራ በገዛ አገራቸው አላገኙም።

የተወለዱት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኦገስት 14 ቀን 1883 በሳውዝ ካሮላይና ግዛት፣ ቻርልስተን ከተማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) አባታቸው የሞቱት ኧርነስት ገና የአራት ዓመት ሕፃን ሳሉ ነበር። እናታቸው ሜሪ መምህርት ነበሩ፤ ልጆቻቸውን ለማሳደግ በአቅራቢያው በነበረ የፎስፌት ማዕድን ማውጫም ሠርተዋል። እኚህ ብርቱ ሴት የአካባቢውን ጥቁር ነዋሪዎች አስተባብረው አንድ ከተማ እንዲመሠረት ያደረጉ ሲሆን፣ ከተማዋም በስማቸው ሜሪቪል ተብላለች። ኧርነስት በልጅነታቸው በታይፎይድ ክፉኛ ታመው ነበር። ከሕመሙ ሲያገግሙ የማንበብ ችሎታቸውን አጥተው ስለነበር ፊደልን እንደገና ከመጀመሪያው መማር ግድ ሆነባቸው።

ለጥቁር ልጅ በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል የነበረው የትምህርት ዕድል ጠባብ ስለነበር፣ በአሥራዎቹ ዕድሜ መጨረሻ ወደ ሰሜን፣ ኒው ሃምፕሸር ወደሚገኘው ኪምቦል ዩኒየን አካዳሚ ሄዱ። እዚያ ሳሉ እናታቸው አረፉ። ጀስት ግን ትምህርታቸውን አላቋረጡም። ከዚያም ዳርትመዝ ኮሌጅ ገብተው በ1907 በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቁ። ሆኖም የቱንም ያህል ብልጫ ያለው ውጤት ለአንድ ጥቁር ምሩቅ የነጮችን ዩኒቨርሲቲዎች በር አይከፍትም ነበር። በዚያው ዓመት ወደ ዋሽንግተን መጥተው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ማስተማር ጀመሩ። ብዙ ሳይቆዩም ወደ ሥነ ሕይወት ተሸጋገሩ፤ በ1912 ደግሞ የእንስሳት ጥናት ክፍል ኃላፊ ሆኑ።

የተመራማሪነት ሕይወታቸው የተከፈተው በ1909 የበጋ ወራት በማሳቹሴትስ ጠረፍ፣ ዉድስ ሆል በሚገኘው የባሕር ሥነ ሕይወት ቤተ ሙከራ ነው። የቺካጎው ሊቅ ፍራንክ ሊሊ ረዳታቸው አድርገው ተቀበሏቸው። ከዚያ በኋላ ወደ ሃያ የሚጠጉ በጋዎችን በዚያ አሳልፈዋል። የባሕር ትሎችና የባሕር ጃርቶች ለዚህ ጥናት የሚመረጡበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ውኃ ውስጥ ስለሆነ፣ ፅንሰቱን ከመጀመሪያው ቅጽበት አንሥቶ በብርጭቆ ሳህን ላይ በማጉያ መነፅር መከታተል ይቻላል።

የእንቁራሪት እንቁላልም ይህንኑ ዕድል ይሰጣል። ጀርመናዊው ቪልሄልም ሩ በ1880ዎቹ በእንቁራሪት ላይ ባካሄዱት ምርምር፣ የወንዱ ዘር የገባበት ነጥብ እንቁላሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በሚከፈልበት አቅጣጫ ላይ ተጽዕኖ እንዳለው አመልክተው ነበር። ጀስት በ1912 ባሳተሙት የመጀመሪያ የምርምር ጽሑፋቸው ጥያቄውን ኔሪስ ወደተባለው የባሕር ትል ወሰዱት። የወንዱ ዘር በእንቁላሉ ገጽ ላይ በየትኛውም ቦታ ሊገባ እንደሚችልና የመጀመሪያው ክፍፍል የሚከተለውም ያንኑ የመግቢያ ነጥብ መሆኑን አሳዩ። ይህ ማለት እንቁላሉ አካሉ አስቀድሞ የተሣለበት ዝግ ንድፍ አይደለም ማለት ነው፤ በገጹ ላይ የሚደርሰው ክስተት የወደፊቱን መልክ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ነው።

በ1915 ለጥቁር አሜሪካውያን መብት የሚታገለው ማኅበር፣ ኤንኤኤሲፒ፣ የስፒንጋርን ሜዳሊያን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሸልም ተሸላሚው ጀስት ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ።

በ1919 ያሳተሙት ምልከታ ደግሞ ዝናቸውን አጸናው። ሳንድ ዶላር በተባለው ጠፍጣፋ የባሕር እንስሳ እንቁላል ላይ፣ የመጀመሪያው የወንድ ዘር ገጹን እንደነካ፣ ከዚያ ነጥብ ተነሥቶ እንቁላሉን የሚያዳርስ ለውጥ እንደ ማዕበል ሲስፋፋ ተመለከቱ። ማዕበሉ ባለፈበት ሌላ የወንድ ዘር መግባት አይችልም። ዙሪያውን ከፍ ብሎ የሚታየው መከላከያ ሽፋን የሚነሣው ከዚህ በኋላ ነው። እንቁላሉ በሩን የሚዘጋው አጥሩን ከማቆሙ በፊት ነው እንደማለት ነው።

የዚህን ምልከታ ክብደት ለመረዳት ዛሬ ስለ እንቁራሪት የሚታወቀውን ማየት ይበቃል። የወንዱ ዘር ወደ እንቁራሪት እንቁላል ሲገባ የእንቁላሉ የገጽ ኤሌክትሪካዊ ሁኔታ ወዲያውኑ ተቀይሮ ሌሎቹን ያግዳል። ከዚያም የመጀመሪያው ክፍፍል ከመድረሱ በፊት የእንቁላሉ ውጫዊ ንጣፍ በውስጡ ካለው ይዘት አንጻር 30 ዲግሪ ያህል ይዞራል። በተለመደው ሂደት ዘሩ ከገባበት ነጥብ ተቃራኒ ያለው ጎን የእንቁራሪቷ ጀርባ ይሆናል። መዞሩ ሙሉ በሙሉ ከተከለከለ ፅንሱ ጭንቅላትና ጀርባ ሳያወጣ ይቀራል። ይህ ሁሉ በዝርዝር የታወቀው ጀስት ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው፤ ተመራማሪዎች ወደ ገጹ እንዲመለከቱ ግን እሳቸው አስቀድመው አጥብቀው አሳስበው ነበር።

የጀስት ብልጫ ከጥንቃቄያቸው የመነጨ ነበር። እንስሳው ከባሕር በወጣ በስንት ሰዓቱ እንቁላሉ እንደተወሰደ፣ የውኃው ሙቀት ምን ያህል እንደሆነ፣ ዕቃው በአግባቡ መታጠቡን ሳያረጋግጡ ሙከራ አይጀምሩም። የተጎዳ እንቁላል የሚሰጠው መልስ የተጎዳ ነው ብለው ያምኑ ነበርና። በዚህ ሚዛን የታላላቆችን ሥራ ከመመርመር አልተመለሱም። ያለ ወንድ ዘር፣ በኬሚካል ብቻ የባሕር ጃርት እንቁላልን ዕድገት በማስጀመር ዝናን ያተረፉትን ዣክ ሎብን በይፋ ተቹ። ኬሚካሉ ቀስቃሽ ብቻ ነው፣ የማደግ ችሎታው ያለው በራሱ በእንቁላሉ ውስጥ ነው የሚል ነበር ክርክራቸው።

በዉድስ ሆል ሌሎች ተመራማሪዎች ምክራቸውን ይሹ ነበር። በጋው ሲያልቅ ነጮቹ ባልደረቦቻቸው ወደ ሀብታም ዩኒቨርሲቲዎች ሲመለሱ፣ ጀስት ግን የማስተማር ሸክም ወደሚበዛበትና የምርምር ገንዘብ ወደሚያጥርበት ሃዋርድ ይመለሳሉ። ከሃዋርድ ውጭ ያለችው ዋሽንግተንም ጠባብ ነበረች። ዛሬ የኢትዮጵያውያን መናኸሪያ በሆነችው ሲልቨር ስፕሪንግ በዚያ ዘመን ብዙ የቤት ውሎች ለጥቁር ሰው መሸጥን ይከለክሉ ነበር። ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ በአሌክሳንድሪያ ደግሞ የሃዋርድ ምሩቅ በሆኑት ጠበቃ ሳሙኤል ታከር አስተባባሪነት አምስት ጥቁር ወጣቶች በ1939 ወደ ከተማዋ ቤተ መጻሕፍት ገብተው ለማንበብ በመቀመጣቸው ታሰሩ።

ሃዋርድ ግን ለጥቁር ዓለም ትልቅ ደጅ ነበር። ጀስት የእንስሳት ጥናት ክፍሉን በሚመሩበት ዘመን ኢትዮጵያዊው መላኩ በያን በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጥንተው በ1935፣ ፋሺስት ጣልያን አገራቸውን በወረረችበት ዓመት፣ ተመርቀዋል። ኋላም በ1937 በኒው ዮርክ የተመሠረተውን የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ካቋቋሙት አንዱ ሆነዋል።

ጀስት ነፃነትን ያገኙት በአውሮፓ ነበር። በ1929 በኔፕልስ የባሕር ምርምር ጣቢያ፣ በ1930 በበርሊን የካይዘር ቪልሄልም የሥነ ሕይወት ተቋም ሠሩ። በእነዚህ ስፍራዎች ከሁሉ በፊት የሚታየው ሥራቸው ነበር። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ የበርሊኑ በር ተዘጋ፤ ጀስትም ሥራቸውን ወደ ፈረንሳይ አዞሩ።

ይህ የውጭ ኑሮ ዋጋ ነበረው። ከዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ጋር ያላቸው ግንኙነት ሻከረ፤ ከመጀመሪያ ባለቤታቸው ጋርም ተለያዩ። በሌሉበት ክፍሉን ተክተው የመሩት ተማሪያቸውና ረዳታቸው ሮጀር አርላይነር ያንግ ነበሩ። የኋላ ኋላ ሁለቱ ተቃቃሩ፤ ያንግ በ1936 ከሃዋርድ ተሰናበቱ። ያም ሆኖ በ1940 በእንስሳት ጥናት የዶክትሬት ዲግሪ ያገኙ የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሴት ለመሆን በቁ። በገዛ አገራቸው በር የተዘጋባቸው ሰው፣ ከእርሳቸው ይልቅ ድርብ መሰናክል ለገጠማት ሴት እስከ መጨረሻው ደጋፊ ሆነው አለመዝለቃቸው በታሪካቸው ውስጥ ያለ ጥላ ነው።

በ1939 የሕይወታቸውን ሥራ በሁለት መጻሕፍት አሳተሙ። አንዱ ስለ ሕዋስ ገጽ ሥነ ሕይወት የሚተነትን ሲሆን፣ ሌላው በባሕር እንስሳት እንቁላል ላይ ሙከራ የሚካሄድበትን ዘዴ የሚያስተምር ነው። በዚያው ዓመት ጀርመናዊቷን ሄድቪግ ሽኔትዝለርን አገቡ። በቀጣዩ ዓመት የጀርመን ጦር ፈረንሳይን ሲወር ጀስት ለአጭር ጊዜ በካምፕ ታሰሩ። ተፈትተው ወደ አሜሪካ ቢመለሱም ጤንነታቸው ተናግቶ ነበር። ኦክቶበር 27 ቀን 1941 በ58 ዓመታቸው በጣፊያ አጠገብ ባለው የፓንክሪያስ ዕጢ ካንሰር ምክንያት ዋሽንግተን ውስጥ አረፉ። የተቀበሩትም በሜሪላንድ፣ ሱትላንድ በሚገኘው የሊንከን መታሰቢያ መካነ መቃብር ነው።

ሐሳባቸው ሁሉ አልጸናም። ስለ ጂን አሠራር ያቀረቡት ንድፈ ሐሳብ ተቀባይነት አላገኘም፤ ከ1950ዎቹ ወዲህ የዲኤንኤ ሳይንስ በገነነበት ዘመንም ስማቸው ከመማሪያ መጻሕፍት ደብዝዞ ቆይቷል። በ1983 የታሪክ ምሁሩ ኬኔት ማኒንግ የሕይወት ታሪካቸውን በመጽሐፍ አሳተሙ፤ በ1996 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት ምስላቸውን በቴምብር አወጣ።

ከሁሉ በላይ የመለሳቸው ግን ሳይንሱ ራሱ ነው። ተመራማሪዎች ሕዋሳት እርስ በርስ የሚግባቡት በገጻቸው ላይ ባሉ ተቀባዮች አማካይነት መሆኑን፣ የእንቁራሪት ፅንስም ጀርባውንና ሆዱን መለየት የሚጀምረው በንጣፉ መዞር መሆኑን ሲያረጋግጡ፣ ጀስት ወዳመለከቱት ስፍራ ተመለሱ። እሳቸው ሕዋስ ከአካባቢው ተነጥሎ ሊታወቅ እንደማይችል ሲያስተምሩ ኖረዋል። የእሳቸውም ሥራ እንዲሁ የት እንዲሠሩ እንደተፈቀደላቸውና የት እንደተከለከሉ ሳይታወቅ በሙሉ መልኩ አይታይም።