ከወደቀበት ያልሸሸች፤ የዶስቶየቭስኪ ሕመምና የአና ፍቅር

እ.አ.አ በ1867 በሩሲያዋ ሴንት ፒተርስበርግ ከተማ አዲስ ሙሽሮች በሙሽራዋ እህት ቤት ተጋብዘው ተቀምጠዋል። ጨዋታው በደመቀበት ሰዓት የሙሽራው ፊት ተለዋወጠ፤ የሚያስፈራ ጩኸት አሰማና ወደ ጎን ተዘነበለ። እህትየዋ ደንግጣ ከክፍሉ ሮጣ ወጣች። የ20 ዓመቷ ሙሽራ አና ግን ትከሻውን ይዛ ቀስ ብላ ወደ ወለሉ አወረደችው፤ መንፈራገጡ እስኪያልፍም ራሱን በጭኗ ላይ ደግፋ ቆየች። ያ ሙሽራ ደራሲው ፊዮዶር ዶስቶየቭስኪ ነበር።

ዶስቶየቭስኪ በ1821 በሞስኮ ተወለደ። አባቱ በድሆች ሆስፒታል ሐኪም ስለነበሩ ልጅነቱን ያሳለፈው ሕሙማን በሚመላለሱበት ግቢ ነው። እናቱን በ15 ዓመቱ በሞት አጣ። በወታደራዊ የምህንድስና ትምህርት ቤት ቢመረቅም ልቡ ከድርሰት ጋር ነበርና ሥራውን ትቶ ብዕር ጨበጠ። በ1846 የታተመው የመጀመሪያ ልቦለዱም ስሙን አስጠራው።

ዝናው ብዙም ሳይቆይ መከራ ተከተለው። በ1849 መንግሥትን ከሚነቅፉ ወጣቶች ጋር በመሰብሰቡ ታሰረ፤ ሞት ተፈርዶበትም ተኳሾች ፊት ቀረበ። ምሕረት መደረጉ የተነገረው በመጨረሻዋ ሰዓት ነው። 4 ዓመት በሳይቤሪያ፣ በኦምስክ እስር ቤት፣ እግሩ በሰንሰለት ታስሮ ከባድ የጉልበት ሥራ ሠራ። የሚጥል ሕመሙ እየተደጋገመ የጸናበትም በእነዚያ ዓመታት ነው።

ከእስር ወጥቶ በወታደርነት ሲያገለግል በ1857 ማሪያ የምትባል ሴት አገባ። ከሠርጉ ሲመለሱ በመንገድ ላይ ሕመሙ ተነሣበት፤ ሐኪምም እውነተኛ የሚጥል በሽታ መሆኑን ነገረው። በ1864 ማሪያ በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። በዚያው ዓመት የሚወደው ወንድሙ ሚካኤልም አረፈ። ዶስቶየቭስኪ የወንድሙን ዕዳና ቤተሰብ ተሸክሞ ቀረ።

አናን ያገናኘው ይኸው ዕዳ ነው። አንድ አሳታሚ በቀጠሮው ቀን አዲስ ልቦለድ ካላስረከበ የመጻሕፍቱን መብት ለ9 ዓመት እንዲያጣ አስፈርሞት ነበር። በ1866 ቀኑ ሲደርስበት ንግግርን በፍጥነት መጻፍ የተማረችውን አናን ቀጠረ። እሱ እየተናገረ እሷ እየጻፈች ልቦለዱን በ26 ቀናት ጨረሱት። በየካቲት 1867 ተጋቡ።

አበዳሪዎችን ሸሽተው ከሀገር ወጡ፤ ከ4 ዓመት በላይም በባዕድ ምድር ተንከራተቱ። በ1868 በጄኔቫ የመጀመሪያ ልጃቸው ሶፊያ ተወለደች። ሦስት ወር ገደማ ኖራ በሳንባ ምች አረፈች። ዶስቶየቭስኪ በዚህ ሐዘን መካከል ይጽፍ የነበረው «ሞኙ» የሚል ትርጉም ያለውን ታላቅ ልቦለዱን ነው።

የልቦለዱ ባለታሪክ ልዑል ሚሽኪን የሚጥል ሕመም ያለበት፣ በስዊዘርላንድ ታክሞ ወደ ሀገሩ የሚመለስ የዋህ ሰው ነው። ሰዎች የዋህነቱን እንደ ሞኝነት ይቆጥሩበታል። በውርደት የቆሰለችውን ናስታሲያን በርኅራኄ ይወዳታል፤ ሊያድናት ግን አልቻለም። ተቀናቃኙ ቢላዋ ሲሰነዝርበትም ከሞት ያተረፈው በዚያች ቅጽበት የተነሣበት ሕመሙ ነው። ደራሲው ሕመሙ ሊጥለው ሲል የሚሰማውን ብርሃንና ደስታ፣ ከዚያም የሚከተለውን ጨለማ ለባለታሪኩ አወረሰው። በዘመኑ እንደ ነውር የሚታየውን ሕመም በንጹሕ ሰው ላይ አሳርፎ አንባቢ እንዲያከብረው አደረገ።

ወደ ሩሲያ ከተመለሱ በኋላ አና የባሏን መጻሕፍት ራሷ ማሳተምና መሸጥ ጀመረች፤ ዕዳውም በጊዜ ሂደት ተከፈለ። ይሁን እንጂ በ1878 ሌላ ሐዘን ቤታቸውን አንኳኳ። ሦስት ዓመት ያልሞላው ትንሹ ልጃቸው አሌክሲ በሚጥል ሕመም ሞተ። አባት ሕመሙን ያወረስኩት እኔ ነኝ በሚል ጸጸት ተሠቃየ። አልዮሻ የሚለውን የልጁን የቁልምጫ ስም በመጨረሻው ልቦለዱ ለሚገኘው ደግ ወጣት ሰጠው፤ መጽሐፉንም ለአና መታሰቢያ አደረገው።

ዶስቶየቭስኪ በ1881 በ59 ዓመቱ አረፈ። የ34 ዓመቷ አና ዳግመኛ አላገባችም። 37 ዓመት ሙሉ ሥራዎቹን ስታሳትምና ቅርሱን ስትሰበስብ ኖራ በ1918 አረፈች። ከጊዜ በኋላም አጽሟ ከባሏ መቃብር አጠገብ ዐረፈ።

ሕመሙን ለመቆጣጠር ዛሬም የሚያገለግለው ፌኖባርቢታል የተባለው መድኃኒት ጥቅም ላይ የዋለው በ1912፣ እሱ ከሞተ ከ31 ዓመት በኋላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዛሬ ከ100 ሕሙማን እስከ 70 የሚሆኑት ተገቢውን ሕክምና ካገኙ ሕመሙ ሳይነሣባቸው መኖር ይችላሉ። በሽታው በአረፋም ሆነ በትንፋሽ አይተላለፍም። በወደቀው ሰው አፍንጫ ሥር ክብሪት መጫርም ሆነ በአፉ ውስጥ ነገር ማስገባት አይጠቅመውም፤ ይጎዳዋል። ከእሳትና ከውኃ ማራቅ፣ ራሱ እንዳይመታ ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ በጎኑ ማስተኛትና እስኪነቃ አብሮ መቆየት ይገባል። መንፈራገጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል። አና መድኃኒቱ ባልነበረበት ዘመን አጠገቡ መቆየትን መርጣ ነበር፤ ዛሬ መድኃኒቱም አለ።